አንድ ሌሊት ወይስ ዐሥር ቀን

ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹ በእግሩ ላይ ድምፅ ሲሰጡ ቆጣሪው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቱን በፎጣ እያደረቀ ነበር። መታጠቢያ ቤቱንና ማብሰያ ቤቱን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ትልቋ ልጁ ድምፅ መቀነስ የማይሆንላት ሰው ናት፣ ሹክ ስትል እንኳ ጎረቤት ይሰማል። ቀዶ ጥገናው ነው የሚሻለው፣ አንድ ጊዜ ተቸግሮ ይገላገላል፣ ደግሞም ይበረክታል ትላለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜው ከብሽሽቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተተልትሎ ሲተኛ አላይም፣ በቀጭን ሽቦ ገብተው የደም ቧንቧውን በፊኛ የሚከፍቱት እያለ ቢላዋ ምን አመጣው ይላል። አንድ ለአንድ ሆኑ። ከዚያ እናታቸውን ጠየቋት። እናት ዝም አለች። ዝምታዋን ልጅቷም ለራሷ ቆጠረችው፣ ወንድሟም ለራሱ። ባለ እግሩስ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱ ጆሮ ግን ሁሉንም ሰምቷል፣ ባዳ የሆነበት እግሩ ነው። ፎጣውን ሰቀለና ወጣ።

ቆጣሪው የሚሉት ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ቆጣሪ ሲያነብ ስለኖረ ነው። ደብተርና የእጅ ባትሪ ይዞ ከግቢ ግቢ እየዞረ፣ የብረት ክዳን እያነሳ፣ ሸረሪት እየጠረገ፣ ከውሻ ጋር እየተደራደረ ጡረታ ወጣ። በዓመት ሁለት ጫማ ይጨርስ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሲሄድ የግራ እግሩን ባት እንደ ሰው እጅ የሆነ ነገር ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሲቆም ይለቀዋል፣ ሲሄድ መልሶ ይይዘዋል። ሰው እንዳያውቅበት የሱቅ መስኮት የሚያይ መስሎ መቆም ለመደ፤ ዛሬ በሰፈሩ ካለ ሱቅ ሁሉ ምን ዕቃ እንዳለና ዋጋው ስንት እንደተጨመረ በቃሉ ያውቃል። ሦስት መቶው መቶ ሆነ፣ መቶው አርባ። ከአራት ወር በፊት ደግሞ ጫማ የላጠው የሁለተኛ ጣቱ ቁስል አልድን ብሎ ዙሪያው መጥቆር ጀመረ። ሐኪም ቤት የሄደው ያኔ ነው። የጭኑ የደም ቧንቧ ተደፍኗል፣ ካልተከፈተ ጣቱ ብቻ ሳይሆን እግሩም ይሄዳል አሉት።

ማብሰያ ቤት ሲገባ ልጆቹ ስለ መንገድ መጨናነቅ ማውራት ጀመሩ። ሚስቱ ሻይ እየቀዳች ነበር። የግራ እጇን ጠቋሚ ጣት በብርጭቆው ከንፈር ወደ ውስጥ ዝቅ አድርጋ፣ ትኩሱ ሲነካት ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገች። ብርጭቆው ልክ ሞላ። ልጆቹ ይህን አላስተዋሉም፤ የእነሱ ዐይን ጤነኛ ነው። ቆጣሪው ግን ያቺን ጣት ዓመት ከመንፈቅ ሲያያት ኖሯል። የዐይን ሐኪሙ ግላኮማ ነው ብሎ ነበር፤ ዕይታዋ እንደ መጋረጃ ከሁለቱም ጎን እየተዘጋ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ መጠበቅ ይቻላል። አሁን የምታየው በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቷ ያለውን ትንሽ ክብ ታያለች፣ ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም የለም። ያን ቀን ከዐይን ሐኪሙ በር ሳይርቁ ቀጥ ብላ ቆማ አስማለችው። ለልጆቹ ትንፍሽ እንዳትል አለችው። ልጅቷን ታውቃታለች፤ የሰማች ዕለት ሻንጣ ጠቅልላ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የራሷ ቤት ትወስዳታለች። «መደርደሪያ ላይ እንደ ዕቃ አልቀመጥም፤ ቤቴን በእጄ አውቀዋለሁ» አለችው። ማለ።

ከዚያ ወዲህ ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ክንዷን በክንዱ ታስገባለች፣ እሱ ደረጃ ሲመጣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ውጪ» ወይም «ውረጂ» ይላታል፤ ባቱ ሲይዘው ደግሞ እሷም አብራው ትቆምና የማታየውን የሱቅ መስኮት ታያለች። ሰፈርተኛው እንዴት ያለች ሚስት ናት፣ አንካሳ ባሏን ደግፋ ገበያ ታወጣለች ይላል። ይህን ሲሰሙ ቤታቸው ገብተው ይስቃሉ። «አንካሳና ዕውር ተጋግዘው አንድ ሰው ወጣቸው» ትላለች እሷ።

እንግዲህ የእሱ ሂሳብ የልጆቹ አልነበረም። ሐኪም ቤቱ ባለፈው ሳምንት የሰጠው ወረቀት ላይ በሽቦና በፊኛ የሚታከም አንድ ሌሊት ያድራል፣ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት እስከ ዐሥር ቀን ይተኛል ይላል። ለአንድ ሌሊት የሆነ ነገር ይፈጠራል፤ ሚስቱ ራሴን አሞኛል ብላ በጊዜ ትተኛለች። ዐሥር ቀን ግን ልጆቹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ይሰበራል፣ ከዚያ አምስተኛው ፎቅ። ሻዩን ጠጣና ሳይታይበት የዳቦውን ቢላዋ ወደ መሳቢያው መለሰ፣ ወንበሮቹን ጠረጴዛው ሥር አስገባ፣ ከመተላለፊያው ላይ የልጁን ቦርሳ አነሳ። ሚስቱ የወንበሮቹን ድምፅ ሰምታ ፈገግ አለች። «ሂድ በቃ፣ እንዳታረፍድ» አለችው።

ልጁ ወደ ሥራው ሄደ፤ የሐኪም ቤቱ ነገር የልጅቷ ነው። የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ከወላጆቿ ቤት ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ የራሷ መድኃኒት ቤት አላት። ነጩን ጋዋን ሳትለብስ እንኳ በአካሄዷ ያስታውቃል፤ ሰው ሁሉ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ መወሰድ ያለበት ይመስላታል። መኪና ውስጥ ቀበቶውን ራሷ አሰረችለት። ሐኪሟን የምትጠይቀውን በወረቀት ጽፋ ይዛለች፣ ዐሥራ አራት ጥያቄ። አባቷ ሊጠይቅ የሚፈልገው ነገር ካለ ዐሥራ አምስተኛ ማድረግ ይቻላል አለችው። የለም አላት።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ቁጥር የሚያሳየው ሰሌዳ አርባ ሰባት ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ነርሷ በድምፅ ትጣራለች። ልጅቷ ካርድ ልታወጣ ስትሄድ ቆጣሪው ከሁለት ሰዎች መካከል ተቀመጠ። በቀኙ ጨርቅ ሻጭ የሆነች ደልደል ያለች ሴት፣ በግራው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ ጡረተኛ መምህር። ሁለቱም የእግር በሽተኞች ናቸው፤ የእሱን መምጣት ሲያዩ እንደ ሁለት ቡድን ደጋፊዎች ሊካፈሉት ተነሡ። ሴትየዋ ያለ ምንም ይሉኝታ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጠባሳዋን አሳየችው፤ በባቷ ውስጠኛ ጎን እንደ ዚፕ የወረደ፣ ያብለጨለጨ ጠባሳ ነው። ቀዶ ጥገና ካደረገች አምስት ዓመቷ ነው። ሁለት ሳምንት ተኝታለች፣ የብሽሽቷ ቁስል መግል ይዞ ወር ሙሉ አልዘጋ ብሏት ነበር፣ እግሯ ሦስት ወር እንደ ትራስ አብጦ ነበር። አሁን ግን ሱቋን ራሷ ከፍታ ራሷ ትዘጋለች። መምህሩ ሳቀ። እሱ ሽቦውን ሦስት ጊዜ አድርጓል። የመጀመሪያውን ጊዜ በማግስቱ በእግሩ ቤቱ ገብቶ ጎረቤቶቹ አላመኑም፤ በዐሥራ አራተኛው ወር ተዘጋ። ሁለተኛው ላይ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት አስቀመጡለት፣ ሦስተኛው ላይ ወንፊቱ ውስጥ መልሰው ገቡ። ልቡ ደካማ ስለሆነ ቢላዋውን አይችልም ብለውታል፣ እሱም አልከፋውም። «እሷ አዲስ መንገድ አሠርታ አረፈች፤ እኔ አሮጌውን እያስጠረግሁ እኖራለሁ። እንደ መንጃ ፈቃድ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይታደሳል» አለ።

ሴትየዋ፣ እግር እኮ መንጃ ፈቃድ አይደለም፣ አንድ ቀን አይታደስም ቢሉህስ አለችው። መምህሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረና ያን ቀን አስብበታለሁ አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ቆጣሪው ዞሩ፣ የቱን ሊመርጥ እንደሆነ ጠየቁት። እሱ ግን ሴትየዋን አንድ ነገር ጠየቃት፤ ሁለት ሳምንት ስትተኛ ቤቷን ማን ይዞት እንደነበር። ሴትየዋ ጥያቄው አልገባትም። ቤት የት ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ እንጂ አለችና ሳቀች፣ መምህሩም ሳቀ፣ ነርሷም የቆጣሪውን ስም ጠራች።

መጀመሪያ ያስገቡት ጠባብና ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ዝምተኛ ባለሙያ ቀዝቃዛ ቅባት እግሩ ላይ አፍስሶ በአልትራሳውንድ ከብሽሽቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተከተለው፤ እየተከተለም በሐምራዊ እስክሪብቶ ቆዳው ላይ መስመር አሰመረ። ይህ የተዘጋው ቧንቧ አይደለም፣ ደም የሚመልሰው ሥር ነው፣ ቀዶ ጥገና ከተደረገ እሱን ነው አውጥተው ማለፊያ የሚያደርጉት አለው። ሲጨርስ ቅባቱን በወረቀት ጠረገና «ጥሩ ሥር አለዎት፤ ወፍራም ነው፣ አንድ ወጥ» አለ። ቆጣሪው ሳያስበው ደስ አለው፤ በስድሳ ስድስት ዓመቱ ሰውነቱ ሲመሰገን የመጀመሪያው ነበር። ወዲያው ደግሞ ከፋው። ሥሩ የማይረባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባለቀ።

ሐኪሟ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የስፖርት ጫማ ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ሁለቱንም ሥራ ራሷ ትሠራለች፤ ቢላዋውንም ሽቦውንም። የደም ቧንቧ ማለት እንግዲህ እንደ ውኃ ቧንቧ ነው ብላ ጀመረችና ካርዱ ላይ ሥራውን አይታ ቆመች፣ በዚህስ ባለሙያው እርስዎ ነዎት አለችው። እሱም፣ እኔ የማነብ እንጂ የምጠግን አልነበርኩም አላት። ወረቀት ገልብጣ ጭን ሣለች። መዘጋቱ ከስንዝር በላይ ነው፣ ከጭኑ መካከል እስከ ጉልበቱ ጀርባ። በቀዶ ጥገናው ሐምራዊ መስመር የተሰመረለትን ሥር አውጥተው ከመዘጊያው በላይና በታች ይሰፉታል፣ ደሙ ዞሮ ያልፋል። ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፣ ልብን ያደክማል፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል፤ ከመቶ ጥቂት ሰዎች ከዚያ ጠረጴዛ ጤና ሆነው አይነሡም፣ ይህን አልደብቅዎትም አለች። ከተሳካ ግን ብዙ ጊዜ ለዓመታት ክፍት ይሆናል። በሽቦው ብሽሽት ላይ በመርፌ ቀዳዳ ይገባሉ፣ ቦታውን ብቻ ያደነዝዛሉ፣ መዘጊያውን በሽቦ ያልፉና ፊኛ ይነፋሉ፣ ካስፈለገ ወንፊት ያስቀምጣሉ። ለሰውነት ይቀላል። ነገር ግን እንዲህ ረጅም በሆነ መዘጋት ላይ በዓመት በሁለት ዓመት ሊጠብ ይችላል፤ ይደገማል፣ ይሠለሳል።

ልጅቷ ጥያቄዎቿን በተራ ጠየቀች። ሐኪሟ አልሰለቸችም። ትልልቆቹ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም አለች፤ አንዱ ጥሩ ሥር ላለው ሰው ቀዶ ጥገና ይቅደም ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከጉልበት በታች የተዘጋባቸውን ሰዎች አይቶ በፊኛ የጀመሩት ይሻላሉ ይላል፣ ስለዚህ ወረቀት ብቻውን አይመልስልንም። «የአባትሽ ልብ ይችላል፣ ሥሩም ጥሩ ነው። እኔ ወደ ቀዶ ጥገናው አደላለሁ። እግሩ ግን የእሳቸው ነው» አለችና ወደ እሱ ዞረች። ቆጣሪው ስንት ቀን እንደሚተኛ ጠየቀ። ከሰባት እስከ ዐሥር አለችው። በሽቦውስ? አንድ ሌሊት። ቁስሉ ጥሩ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን ወደ ሦስት አራት ቀን ማሳጠር አይቻልም ወይ ብሎ ደግሞ ጠየቀ። አይቻልም አለች።

«እንግዲያው ሽቦው ይሁን» አለ።

ልጅቷ ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ እሱ በክፍሉ ውስጥ እንደሌለ አድርጋ ለሐኪሟ ተናገረች። ፈርቶ ነው አለች። ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ሳይፈራ የሰው ግቢ ሲገባ የኖረ ሰው ነው፣ አሁን ግን ፈራ፣ ወንድሜም አስፈራራው። ቆጣሪው ፍርሃቱን ሌላ ሰው እንዳቀበለው ኮት ተቀብሎ ለበሰው፤ ልኩ ባይሆንም ይሸፍናል። አዎ፣ ቢላዋ አልወድም አለ። ሐኪሟ ሁለቱንም ካየች በኋላ፣ የልብ ምርመራው ወረቀት ሁለተኛ ፎቅ ቀርቷል፣ እባክሽ አምጪልኝ ብላ ልጅቷን ላከቻት። በሩ ሲዘጋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሌላው ሰው ሁሉ ያማል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀኝ። እርስዎ ስንት ቀን ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ቤት ማን አለ?»

ቆጣሪው ወለሉን አየ። ለልጆቹ አልነግርም ብሎ ማለ እንጂ ለሌላ ሰው አልነግርም ብሎ አልማለም፤ ይህን ያህል ቀዳዳ አገኘና ነገራት። ሲናገር ነገሩ አጭር ሆኖ ተገኘ። ዓመት ከመንፈቅ የተሸከሙት ነገር አራት ዐረፍተ ነገር አልሞላም። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ከዚያ፣ እኔ የዐይን ሐኪም አይደለሁም፣ በትዳርዎም አልገባም፣ አንድ ነገር ብቻ ይቁጠሩልኝ አለችው። «ሽቦው በዓመቱ ቢዘጋና ያኔ እግሩን ማዳን ባንችል፣ ባለቤትዎን ማን ይመራቸዋል?»

ዕድሜውን በቁጥር የኖረ ሰው ይህችን ንባብ ዘሏት ኖሯል። ዐሥር ቀንና አንድ ሌሊት ሲያስተያይ ከርሞ ዓመቱን አልቆጠረውም። ወዲያው ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ሐኪሟ ለሐሙስ አንድ አልጋ አለ፣ ተነጋገሩና እስከ ማታ ደውሉልኝ አለች፤ የግል ስልኳንም በካርዱ ጀርባ ጻፈችለት።

በመኪና ተመለሱ። ልጅቷ ስትናደድ በደንብ ነው የምትነዳው፤ ምልክት ሁሉ ታሳያለች፣ ለእግረኛ ሁሉ ትቆማለች። አንድ የትራፊክ መብራት ላይ ቆመው ሳለ እጇን ከመሪው ሳታነሣ ተናገረች። «እማዬ ላንተ ስትል አልቃለች። ከቤት ካላንተ አትወጣም። እኔ ጋ እንኳ መምጣት ትታለች። ስለ እሷ ትንሽ አታስብም?» መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቆጣሪው በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ይህን ቃል ሳያኝክ ዋጠው፤ ለመመለስ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፣ እሱንም ላለመናገር ምሏል።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ልጅቷ መኪናውን ከመግቢያው ፊት አቆመች። ቆጣሪው በሩን ከፍቶ ግራ እግሩን በእጁ አግዞ ሲያወርድ ሚስቱን አያት። ከሕንፃው መግቢያ ውስጥ፣ ደረጃው የሚጀምርበት ጋ፣ በአንድ እጇ የደረጃውን ብረት ይዛ በሌላው የዳቦ ከረጢት አንጠልጥላ ቆማለች። ብቻዋን። የቀኝ እግሯ ቅልጥም ተልጦ ደሙ ካልሲዋ ላይ ወርዷል። ዳቦ ቤቱ ከማዕዘኑ ማዶ ነው፤ መኪና ያለበት መንገድ ማቋረጥ ይፈልጋል። ያለ ልቡ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ አጠገቧ ደረሰ። የእግሩን ኮቴ ከሩቅ ለይታው ነበር፤ ፊቷን ወደ እሱ መልሳ በቁልፍ ቀዳዳዋ ፈለገችው፣ አገኘችው፣ ፈገግ አለች። ልጅቷ ቁልፏን ይዛ ከጎኗ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ እሷ በማታይበት በኩል ቆማ ነበር። ወደ ቁስሉ ጎንበስ ልትል ጀምራ የእናቷን ንግግር ስትሰማ ባለችበት ቀረች።

«ጠዋት ልጆቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ አንተም እንደምትሰማ አውቃለሁ» አለች ሚስቱ፣ ልጅቷ አድርሳው ወደ ሥራዋ የሄደች መስሏት። «ለእኔ ስትል ያንን የአንድ ሌሊቱን እንደምትል ገባኝ። ስለዚህ ሄጄ ሞከርኩት። ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ዳቦ ገዝቼ መጣሁ። አንድ ጠርዝ ብቻ ነው የሳትኩት። ብቻዬን ዐሥር ቀን እችላለሁ፤ ልጆቹ ብቻ አይወቁ። ሂድና ተቆረጥ።»

ቆጣሪው ወደ ልጁ ቀና አለ። ልጅቷ ወደ እናቷ ተጠጋች። እጇን ወደ እናቷ ፊት ጎን ቀስ አድርጋ ዘረጋችና ጣቶቿን አንቀሳቀሰች፣ በሽተኛ እንደሚመረምር ሰው። እናቷ አላየችም። እጇን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው፤ አሁንም አላየችም። እጁ ከአፍንጫዋ ትይዩ ሲደርስ ነው ደንገጥ ብላ ወደ ኋላ ያለችው። ከዚያ የልጇን ቀለበት አወቀችው። ከላይ ፎቅ አንድ ሰው ምንጣፍ እያራገፈ ነበር፤ አቧራው በመግቢያው ብርሃን ውስጥ ወረደ።

ቤት ገብተው ልጅቷ የእናቷን ቁስል በጥጥ አጠበች። ሥራ ያለው እጅ ንዴት አይታይበትም። መቼ እንደጀመረ ጠየቀች፣ ነገሯት። ሐኪሙ ማን እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገሯት። ጠብታውን አሳዩኝ አለች። ቆጣሪው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ከሹራቦቹ ሥር አውጥቶ ሰጣት። ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ይዛ ጽሑፉን አነበበች፤ ጠብታው ትክክል ነው፣ ጊዜውም አላለፈም። ከዚያ የተለጠፈበትን ወረቀት አዞረች። የሌላ መድኃኒት ቤት ማኅተም አለበት፣ ከእሷው ሦስት ማዞሪያ አልፎ የሚገኝ።

«በእኔ በር አልፋችሁ ነው እዚያ የምትሄዱት?»

«በማዶው መንገድ ነበር የምናልፈው» አለ ቆጣሪው። «ወር በገባ ቁጥር።»

«በዚያ እግርህ።»

ልጅቷ ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ በጣም ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወደ በረንዳው ወጣች። ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሁለቱ ወላጆች ከውስጥ ሆነው፣ አንዱ እያየ አንዷ እየሰማች፣ ጠበቋት። ሚስቱ ከረጢቱን ከፍታ ዳቦውን በእጇ መቁረስ ጀመረች፣ ለመብላት ግን አይደለም። ቆጣሪው በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የብዙ ቤት ጸጥታ ሰምቷል፤ ያኔ ክዳኑን ዘግቶ ማለፍ ይችል ነበር፣ ይህኛው ግን የራሱ ነው። ልጅቷ ስትመለስ ዐይኗ ቀልቶ ነበር፣ አላበሰችውም። ማንንም የትም አልወስድም አለች። ዐሥሩን ቀን እዚህ ነኝ፣ መኝታ ቤት ሳይሆን ሳሎን ነው የምተኛው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እናስባለን። እናቷ፣ ባልሽንስ ማን ያበላዋል ብላ ጠየቀች። «እጅ አለው» አለች ልጅቷ። ይህን ጊዜ ሚስቱ ሳቀች፣ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ሳቅ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ይቅር እስክትል ገና ጥቂት ወር ቀርቷት ነበር።

ቆጣሪው የካርዱን ጀርባ አይቶ ደወለ። ቀዶ ጥገናው ይሁን አለ። ሐኪሟ ምክንያቱን አልጠየቀችም፣ ረቡዕ ከሰዓት እንዲገባ ብቻ ነገረችው። ወንዱ ልጅ በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ አለ፤ ስለ እናቱ ሲነግሩት ግን እመጣለሁ አለ፣ መጣም።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ያህል ቢላዋ ሥር ቆየ። ሥሩ ባለሙያው እንዳለው ነበር፣ ወፍራምና አንድ ወጥ። የጠቆረችው ጣት አልተረፈችም፤ እግሩ ግን ተረፈ፣ ሲነቃም ለብዙ ወራት ብርድ ብርድ ይለው የነበረው ውስጠ እግሩ ሞቆት አገኘው። የብሽሽቱ ቁስል ሦስተኛው ቀን ላይ ማፍሰስ ጀመረ፤ ዐሥሩ ቀን ዐሥራ አራት ሆነ። በሰባተኛው ቀን ሚስቱን ልጅቷ ይዛት መጣች። ልጅቷ እናቷን መምራት ገና አልለመደችም፣ በጣም አጥብቃ ይዛ ትጎትታለች፤ ሚስቱ ዝም ብላ ትጎተትላታለች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጠባሳውን ማየት እፈልጋለሁ አለች። በቀዳዳዋ ቁራጭ በቁራጭ ከማየት በእጇ ይሻላታል። ቆጣሪው አንሶላውን ገለጠላት። ጣቷን ከብሽሽቱ ፋሻ ዝቅ ብሎ በሚጀምረው ስፌት ላይ አሳረፈችና ሳትጫን ወረደች፤ ጭኑን፣ የጉልበቱን ጎን፣ ባቱን። እያንዳንዱን ቋጠሮ ሳትዘል ነካች። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ስትደርስ ጣቷን አነሣች።

«ያማል?» አለችው።

ቆጣሪው አያምም ሊል ከንፈሩን ከፈተ። ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጁ ከያዘችው ወረቀት ቀና ብላ አየችው።

«ያማል» አለ።